ያልጠቆረው ዘይት

ካምቢዮው የለም።

ዊዳድ አብዱልወሀብ ጋራዧ መሀል ቆማ ባዶውን የሥራ ጠረጴዛ ታያለች። ወደ ቀብር ስትወጣ እዚህ ነበር። ንጹህ ጨርቅ ጣል አድርጋበት ነበር የሄደችው። አሁን ጨርቁ በአራት ታጥፎ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል።

ጨርቅ አጥፎ የሚሄድ ሌባ!

ከጠረጴዛው አጠገብ ትንሿ ሰማያዊ ፊያት ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ዕድሜዋ ከዊዳድ ዕድሜ የሚበልጥ የስፖርት መኪና ናት። አባቷ ሲሞት የተወላት እሷንና ይህን የኮምቦልቻ ጋራዥ ነው። ዊዳድ ሦስት ዓመት ሙሉ ያገኘችውን ሁሉ እዚህች መኪና ሆድ ውስጥ ከተተች። ሲሊንደሩን አሰፋች። ቫልቮቹን በትልልቅ ቀየረች። አንድ የነበረውን ካርቡራቶር ሁለት አደረገች። ሞተሩ ጉልበት አገኘ። ያን ጉልበት ደግሞ የድሮው ካምቢዮ አልቻለውም፤ ሙከራ ላይ ጥርሱ ረገፈ።

ስለዚህ አዲስ ተሠራ። ለዙር ውድድር የሚሆን፣ ማርሾቹ የተቀራረቡ፣ ጥርሶቹ ከወፍራም ብረት የተቀረጹ ካምቢዮ። ስምንት ወር ፈጀ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ውድድሩ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው።

ጥበቃው ጋሽ ገብረ ማርያም በሩ ላይ ቆመዋል። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። እጃቸው ላይ የጓጉንቸሩ ቁልፍ አለ።

“ቆልፌ ነው የሄድኩት ልጄ። ይኸው ቁልፉ። ከኪሴ አልወጣም።”

እውነታቸውን ነበር። ጉድ ያደረጋቸውም ይኸው እውነት ነው።

ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ የሼህ ሙዓዝ ቀብር ላይ ነበር። በዚያ ሰፈር ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ሙስሊም ክርስቲያን አይልም። ሰው ሲሞት ሁሉም ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ጋሽ ገብረ ማርያምም የቅሬው አባል ናቸውና ቆልፈው ወጡ። ቃሬዛውንም ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ከደሴ ለቀብሩ የወረዱት ጋሽ ጀማሉዲንም መጡ። ጋሽ ጀማሉዲን የካምቢዮውን ጥርሶች በቶርኖ ማሽናቸው የቀረጹት ሰው ናቸው። ደሴ ውስጥ ብረት የሚቀርጽ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው ይባላል። ዊዳድንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ትከሻዋን ያዝ አደረጉ።

“አብሽሪ ልጄ። አላህ የተሻለውን ይተካልሽ።”

ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብለው ጓጉንቸሩን አዩት። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፣ ጠየቁ።

“ቁልፉ ማን ጋ ነበር?”

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ገብረ ማርያም ዞረ።

ፖሊስ መጣ። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። ግድግዳው አልተቦረቦረም። ቁልፉ ሽማግሌው ኪስ ውስጥ ነው። አለቀ! ከዚህ ወዲያ ማን ይደክማል? ካቴና አግብተው በዋናው አስፋልት በእግራቸው ወሰዷቸው። ከቀብር የሚመለሰው ሕዝብ በሁለት ወገን ቆሞ አያቸው። ቅድም ቃሬዛ አብሯቸው የተሸከመ ጎረምሳ እንኳ ፊቱን አዞረ።

በሦስተኛው ቀን የቅሬው ዳኛ ወሰነ። “ጉዳዩ እስኪጣራ ገብረ ማርያም ከቅሬው ታግዷል።”

የጋሽ ገብረ ማርያም ባለቤት ወይዘሮ እየሩስ የኩላሊት ሕመም ካስተኛቸው ሰባተኛ ወራቸው ነው። ዊዳድ ሾርባ ይዛ ስትሄድ አልቀመሱላትም።

“እሱን ያስሩት፤ እግዜር ያውቃል፤ ይፈታል” አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ። “እኔ ግን ዛሬ ብሞት ማነው የሚያነሳኝ? ሠላሳ ዓመት የሰው ቀብር ስንወጣ ኖረን የእኛን ማን ይወጣልናል?”

ዊዳድ ሾርባውን አጠገባቸው አስቀመጠች። ወጥታ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ካምቢዮውን ረሳችው። 

*

ሰኞ ዕለት መዝገቡ ሳጅን ነፃነት እጅ ገባ። አጭር ሴት ናት፤ የደጋን ከተማ ልጅ። ስታዳምጥ እስክሪብቶ አትይዝም።

መጀመሪያ እስረኛውን አስጠራች።

“ጋሼ፣ ቁልፉን ለማንም ሰጥተው ያውቃሉ?”

“አላውቅም።”

“ቀብሩ ላይ ከኪስዎ ሊወስደው የሚችል ሰው ነበር?”

“ቃሬዛ ተሸክሜ ነበር። ሁለቱም እጄ ቃሬዛው ላይ ነበር። ቁልፉ ግን ስመለስም ነበረ።”

“በአካባቢው የሚጠረጥሩት ሰው አለ?”

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። “እኔ የተጠረጠርኩት እንዲህ በአፍ ነው። እኔም በአፍ ሰው ልጠርጥር?”

ሳጅኗ ተነሳች። ወደ ማረፊያ ክፍሉ ራሷ መለሰቻቸው።

ቀጥሎ የተጠራው ስለሺ ነበር፤ የደሴ ተወዳዳሪ። ባለፈው ዓመት አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ዘንድሮ “ያቺን ሰማያዊ ጥንዚዛ ጎትቼ ቤቷ አደርሳታለሁ” እያለ ከተማውን ሲያዳርስ ከርሟል።

“ሐሙስ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?”

“ሐረጎ ዳገት ላይ፤ ቆሜ።”

“ምን ልታደርግ?”

“መኪናዬ ፈልታብኝ ነዋ!” ስለሺ ራሱን አከከ። “አህያ የሚነዳ ሰውዬ ‘አህያዬን ላውስህ?’ ብሎኝ ነው ያለፈው። ይሄን መዝገብ ላይ ባትጽፊው ደስ ይለኛል።”

“ምስክር አለህ?”

“ትራፊክ ፖሊሱ ውሃ ሰጥቶኛል። እሱም ሲስቅ ነበር።”

“ካምቢዮውን አልወሰድክም?”

“ሳጅን፣ የእሷ ካምቢዮ የእኔ መኪና ላይ አይገጥምም። ደግሞ ያለ ካምቢዮ ባሸንፋት ምን ብዬ ነው የማወራው? እግር የሌለው ሰው ቀደምኩ ልበል?”

ትራፊክ ፖሊሱ ተጠየቀ። እየሳቀ አረጋገጠ። ስለሺ ከመዝገቡ ወጣ።

ሳጅን ነፃነት ወደ ጋራዡ ሄደች። ሌሎቹ ያላዩትን በር አየችው። ጓጉንቸሩን አልነካችም። ከበሩ ማዶ ያለውን ማጠፊያ ነው የዳሰሰችው።

“ይሄ ዝገት ለምን ተፋቀ?”

ዊዳድ ጠጋ አለች። የላሜራው በር በሁለት ወፋፍራም የብረት እንብርቶች ላይ የተቀመጠ ነው። በሁለቱም ላይ የቆየው ዝገት ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል። ሳጅኗ አንድ ረጅም ብረት አነሳችና ከበሩ ሥር አስገብታ ተጫነች። በሩ ተነቅሎ ወጣ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ከማዶ ተንጠልጥሎ ቀረ።

“ነቅሎ ገብቶ መልሶ አስቀምጦታል፤ ቁልፍ አያስፈልገውም ነበር” አለች።

ዊዳድ ዞረችባት። “ይቺን ለማየት ሰው አምስት ቀን መታሰር ነበረበት?”

“ነበረበት አላልኩም” አለች ሳጅኗ፤ ጆሮዋ ቀላ። “አሁን ንገሪኝ። ካምቢዮው እንዴት ነበር የተቀመጠው?”

“ዘይት ተሞልቶ። በማግስቱ መኪናው ላይ ልገጥመው ነበር።”

“ዘይት እንዳለው ተሸክሞት ሄደ?”

“አይችልም። ቀና አድርጎ ካልያዘው በዘንጉ ቀዳዳ ይፈሳል። መጀመሪያ...” ዊዳድ ቆመች። ወለሉን አየች። ሲሚንቶውን በጣቷ ነካችው። “መጀመሪያ ማውጣት አለበት። ግን አንድ ጠብታ የለም።”

“ምን ዓይነት ዘይት ነው?”

“ዘመዴ ከዱባይ የላከችልኝ ነው። ቀይ ነው፤ ከርከዴ ይመስላል። እዚህ አገር አላየሁትም።”

ሳጅን ነፃነት ጠረጴዛው ላይ የታጠፈውን ጨርቅ አየች። ከዚያ ንጹሁን ወለል።

“እስኪ አስቢው። አንድ ሰው በቀን ይሰርቃል። ልቡ ይመታል። ቸኩሏል። ግን ዕቃ ፈልጎ፣ ዘይቱን አንቆርቁሮ፣ ይዞት ይሄዳል። መሬት ላይ ቢለቀው ማን ይቆጣዋል? በዚህ አገር ዘይት መድፋት እንደዚህ የሚከብደው ሰው ማነው?”

ዊዳድ ሳቀች። ሳታስበው ነው የሳቀችው።

“እሱማ ጋሽ ጀማሉዲን ናቸው! ‘ብክነት ሐራም ነው’ ይላሉ። ተማሪያቸው ሳለሁ አንድ ጣሳ የተቃጠለ ዘይት ደፍቼ እጄን በሞረድ እጀታ መተውኛል። የሁሉንም ጋራዥ ዘይት በጀሪካን ሰብስበው ቤት ለሚሠራ ሰው...”

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

“ቤት ለሚሠራ ሰው ምን?” አለች ሳጅኗ በቀስታ።

“ለምሰሶው ይሰጣሉ። ምስጥ እንዳይበላው።”

ሳጅን ነፃነት ራሷን ነቀነቀች። ደጋን ያለው የአባቷ ቤት ምሰሶም በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ ነው።

“የበሩን ማጠፊያ የሠራው ማነው?”

ዊዳድ የተላጠውን ብረት በጣቷ ዳሰሰች።

“አባቴ በሕይወት እያለ ነው የተሠራው” አለች በመጨረሻ። “የሠሩት ጋሽ ጀማሉዲን ናቸው። ግን አይሆንም። ወላሂ አይሆንም! የገዛ ሥራቸውን ለምን ይሰርቃሉ?”

*

ቤት የምትሠራውን ሰው ለማግኘት አልተቸገሩም። የጋሽ ጀማሉዲን የእህት ልጅ ሰዒዳ ሐርቡ ላይ ቤት እየሠራች ነው። ሐርቡ ቆላ ነው፤ ምስጡ እንጨት አያስተርፍም። የፍተሻ ፈቃዱ ግን እስከ ሐሙስ ቆየ፤ ዓርብ ረፋድ ላይ ዊዳድና ሳጅኗ እዚያ ደረሱ።

ቤቱ ጭቃ አልተመረገም። ምሰሶዎቹ ገና ራቁታቸውን ቆመዋል። አሥራ አንዱ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። የመጨረሻው ግን ቀላ ብሎ ያብረቀርቃል።

ዊዳድ ጠጋ ብላ አሸተተችው። የካምቢዮ ዘይት ሽታ የተበላሸ እንቁላል ይመስላል፤ አንዴ ያሸተተው አይስተውም።

“ሰዒዳ፣ ይሄንን ዘይት ማን ሰጠሽ?” አለች ሳጅኗ።

“ጋሼ ናቸዋ። የሼህ ሙዓዝ ቀብር ለት አመሻሹ ላይ በመኪና መጥተው። ‘ይሄ ደሞ ለምን አልጠቆረም ጋሼ?’ ብላቸው ‘ዝም ብለሽ ቀቢ’ አሉኝ። ኸይር ነው?”

“ሌላ ያመጡት ነገር አለ?”

ሰዒዳ ወደ ውስጥ አሳየች። “የጓዳውን ወለል ራሳቸው ደለደሉልኝ። ‘አንቺ አትድከሚ፣ እኔ እጠቀጥቀዋለሁ’ ብለው። እንዴት ያሉ ሰው መሰሉሽ!”

አካፋ መጣ። ሁለት ክንድ ሳይቆፍሩ ብረት ነካ። ካምቢዮው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ተቀብሯል። ዊዳድ ፈትታ አየችው። ምንም አልጎደለም። ምንም አልተሰበረም። አልሸጡት፣ አልተጠቀሙበት።

ሰዒዳ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

“ታዲያ ለምን?” አለች ዊዳድ። “ለምን?”

*

ደሴ ጉም ለብሳለች። ሸዋ በር ያለው የጋሽ ጀማሉዲን ወርክሾፕ በር ላይ የጀሪካን ሰልፍ አለ። ውስጥ ቶርኖው ይሽከረከራል። ሳጅኗ ስትገባ አጠፉት።

“አሰላሙ ዓለይኩም። ኑ ግቡ! ዊዳድ፣ ምን ተገኘ?”

“ተገኘ ጋሼ” አለች ዊዳድ። 

ሳጅን ነፃነት ካምቢዮውን ከነጆንያው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ጀማሉዲን ጆንያውን አዩት። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ።

“ሐሙስ ከጀናዛው ሶላት በኋላ የት ሄዱ?”

“ቀብር ነበርኩ። አገር ያየኝ።”

“ሶላቱ ላይ ታይተዋል። አፈር ሲመለስም ታይተዋል። በመሀል ያለውን ነው የጠየቅሁት።”

“በመሀል... ሰው ብዙ ነው። ማን ከማን ይለያል?”

“ልክ ነው። እርስዎም የተማመኑት በዚሁ ነው። የሰዒዳ ምሰሶ ላይ ያለው ዘይትስ?”

ጨርቁን በአራት አጠፉት።

ዊዳድ ይህን ሁሉ እየሰማች አልነበረም። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ነበር። እዚያ፣ ከአሮጌ ኩሽኔታዎች ጀርባ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ወፍራም ብረት ተጋድሟል። ላዩ ላይ በጠመኔ “ዊዳድ” ተጽፏል። በገዛ እጇ ነው የጻፈችው። ከተገለበጠ የጭነት መኪና አክስል ላይ አስቆርጣ፣ ሐረጎን በሚኒባስ ወጥታ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣችው ጠንካራ ብረት ነው። የካምቢዮው ጥርስ ከእሱ መቀረጽ ነበረበት።

ብረቱ አልተነካም።

የካምቢዮውን ቡሎኖች ፈታች። ሦስተኛውን ማርሽ ከነጥርሱ አወጣች። ከግድግዳው ላይ ሞረድ አነሳች። ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ የተቃጠለና የጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፤ ሞረድ ከነከሰው ግን አትተማመኚበት።

አንዴ ሳበችው። ሞረዱ ነከሰ። የብረት ዱቄት እንደ ጤፍ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

“ይሄ ለስላሳ ብረት ነው” አለች። “የግንባታ ብረት። የእኔ ብረት ይኸው እዚህ ነው። ጋሼ፣ ብረት ተሳስተዋል።”

ሰውዬው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የነበረው ጀማሉዲን ሌላ ሰው ነው።

“ሁለቱ ብረቶች ጎን ለጎን ነበሩ” አለ። “በሞረድ አልሞከርኩትም። አርባ ዓመት ሠርቼ ምን ብዬ እሞክረዋለሁ? ካስረከብኩሽ በኋላ ነው መደርደሪያው ላይ ያንቺን ብረት ያየሁት። እንቅልፍ አጣሁ። ውድድሩ ላይ ጥርሱ ቢረግፍ ጎማው ይታሰራል፣ መኪናዋ ትገለበጣለች፣ አንቺ ትሞቻለሽ። እኔ ሕይወትሽን ነው ያተረፍኩት!”

“በስልክ ማትረፍ አይቻልም ነበር?” ዊዳድ ጮኸች። “‘ተሳስቻለሁ፤ ካምቢዮውን መልሺልኝ።’ ሦስት ቃል ናት! ሦስት ቃል አፍዎ ላይ ከበደችዎት?”

“ልጅ ነሽ፤ አይገባሽም። ከደሴ እስከ ቢስቲማ ‘ጀማሉዲን ተሳሳተ’ ቢባል...”

“‘ገብረ ማርያም ሰረቀ’ ሲባልስ?”

“ማስረጃ ስለሌለ ይለቁታል ብዬ ነው።”

“‘ቁልፉ ማን ጋ ነበር’ ያሉት እርስዎ ነዎት! በሕዝብ ፊት! በሩ ያለ ቁልፍ እንደሚነሳ እያወቁ!”

ጀማሉዲን መሬት መሬት አየ። ቀጥሎ ያለውን ባይለው ይሻለው ነበር።

“እሱ እኮ... ጥበቃ ነው” አለ።

ሳጅን ነፃነት ካቴናዋን አወጣች።

*

ጋሽ ገብረ ማርያም ቅዳሜ ጠዋት ተፈቱ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንገታቸው ቀጥኗል። ፖሊሱ “ነጻ ነዎት” የሚል ወረቀት ሰጣቸው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

“ሲወስዱኝ በወረቀት አልነበረም” አሉ። “በአስፋልት ነው።”

ከሰዓት በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ሰው እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ሳጅን ነፃነት ጀማሉዲንን አጅባው መጣች፤ ሽማግሌዎቹ ይቅርታ እንዲጠይቅ ለምነው ነው። የነገው ውድድር የቀረባት ዊዳድ ማርሹንና ሞረዱን ይዛ መጥታ መሀል ላይ አስቀመጠች። የፈለገ እየተነሳ ሞረደ። የብረት ዱቄቱ ምንጣፉ ላይ ረገፈ።

ጀማሉዲን ተነሳ። “ጀማዓ፣ እኔ ይህን ያደረግኩት ለዚህች ልጅ ሕይወት ፈርቼ...”

“ተው” አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም።

አልጮሁም። ተነስተው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

“እሱን አትንገራቸው ጀማሉዲን። ስለ እሷ አልታሰርኩም። እኔ ‘ሌባ’ ተብዬ ነው የታሰርኩት። እሱን መልስልኝ።”

ጀማሉዲን ሰዎቹን አየ። ማንም አልረዳውም።

“የሰረቅኩት እኔ ነኝ” አለ። ድምጹ ወጣ ማለት አቅቶት ነበር።

“ከኋላ ያሉት አልሰሙም” አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም።

“የሰረቅኩት እኔ ነኝ! ገብረ ማርያም ንጹህ ነው።”

የቅሬው ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ። እገዳው ከዛሬ ጀምሮ ተነስቷል አለ።

“ከዛሬ?” አለች ዊዳድ ከሴቶቹ መሀል። “መጀመሪያውኑ ያለ ጥፋት ነው ያገዳችኋቸው! ወይዘሮ እየሩስ ሳምንት ሙሉ ቀባሪ አጥተው ተኝተዋል። እስኪ ማናችሁ በራቸውን አንኳኳችሁ?”

ማንም ቀና አላለም። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ ቃሉን አስተካከለ። እገዳው እንዳልነበረ ይቆጠር አለ። ከዚያ ተነስቶ በሰው ሁሉ ፊት የጋሽ ገብረ ማርያምን ጉልበት ሳመ።

ሽማግሌዎቹ ጀማሉዲንን ወደ እሳቸው አቀረቡት። እጅ ለእጅ ሊያስጨብጡ ነው። ጋሽ ገብረ ማርያም እጃቸውን አልዘረጉም።

“ይቅር እልሃለሁ፤ እግዜር ስላለ እልሃለሁ። አንድ ነገር ግን ንገረኝ። ስትሰርቅ ቸኩለሃል፤ ሰው ይመጣብኛል ብለህ ፈርተሃል። እንዲያም ሆኖ ዘይቱ መሬት እንዳይነካ ጀሪካን ፈልገሃል።”

ጀማሉዲን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

“ዘይቱን አልደፋኸውም” አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም። “እኔን ግን አስፋልት ላይ ደፋኸኝ።”

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ዊዳድ ተከተለቻቸው። የጓጉንቸሩን ቁልፍ ዘረጋችላቸው፤ አልተቀበሏትም።

“ሰኞ” አሉ። “መጀመሪያ ማጠፊያውን አስበይጂው። ዛሬ እየሩስ ሾርባ ልትቀምስ ነው።”